ሦስት ጊዜ የምትጠይቀዋ ነቃሽ

ትርንጎ መሞቷን የነገረኝ ሄኒንግ ነው። ጠዋት ከስቶቭነር፣ ኦስሎ ዳር ካለው ሰፈሬ፣ ወደ ሥራ ስሄድ የከተማው ባቡር፣ ቲባነው፣ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። ስሙን ሳይ ደነገጥኩ። ሄኒንግ መልእክት ይጽፋል እንጂ አይደውልም። አነሳሁት።  በኖርዌይኛ፣ «ንጋት ላይ አረፈች። ብቻዋን አልነበረችም፣ አጠገቧ ነበርኩ» አለኝ። «ያ» አልኩት፣ በነሱ «አዎ» ማለት ነው። የምወርድበት ጣቢያ አልፎኝ፣ ሦስት ጣቢያ ከሄድኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት።

ሄኒንግ የመጀመሪያ ተማሪዋ ነበር፣ በኋላ ደግሞ የሥራ ሸሪኳ ሆነ። የጆሮው ታችኛው ሥጋ ሁለት ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። አፉ ጢም ውስጥ ስለተደበቀ ሲያዝን አይታወቅበትም። እኔ አምስት ዓመት ተቀጥሬላት ሠርቻለሁ፤ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ መሣሪያ አጥባለሁ። ሥራውን ስለቅ ግን በደህና ሁኔታ አልተለያየንም። ያን ጠዋት ቲባነው ውስጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ትርንጎ አጭርና ቀጭን ሴት ነበረች። ነጭ ፀጉሯን ከሥሩ ትቆረጠዋለች። አንገቷ ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ የአገር ቤት ንቅሳት ነበራት፣ ስትስቅ ድዷ ሰማያዊ ነው። እዚህ ያስጨመረችውም አለ፦ በአንድ ጆሮዋ ዘጠኝ ቀዳዳ፣ በአፍንጫዋ መሐል የብር ቀለበት፣ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ቆዳዋን አስበጥታ ያሠራችው የጠባሳ ጥልፍ። ግራ ክንዷ ብቻ ባዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ እንደ ማንኛዋም እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች፤ ቀለበቷ ከነጠላው ሥር ብልጭ ሲል ግን አጠገቧ ያሉት ይተያያሉ።

በሱዳን በኩል ተሰድዳ ኦስሎ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ ጽዳት ነበር። ግሩነርሎካ የሚባለው ሰፈር ገና በካፌ ሳይሞላ፣ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ወለል ትወለውላለች። ባለሱቁ ጓዳው ውስጥ በጆሮ መብሻ ሽጉጥ ሰው ይበሳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሽጉጡን በሱሪው ይጠርገዋል። አንድ ቀን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በምታውቃት ጥቂት ኖርዌይኛ «የዚህን ሰውዬ ደም ለዚያኛው እየሰጠኸው ነው» አለችው። ሰውዬው ስቆ «ከቻልሽ አንቺው ሥሪው» አላት። አክስቷ አገር ቤት የታወቀች ነቃሽ ስለነበረች እጇ መርፌ ያውቅ ነበር። አንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒኩን ሲያድስ ሊጥለው የነበረውን የእንፋሎት መሣሪያ ማምከኛ ለምና ወሰደች። በዓመቱ ሰው የሚመጣው ባለሱቁን ሳይሆን እሷን ፍለጋ ሆነ፤ ቆይታ የራሷን ቤት ከፈተች። ገላን መብሳትና መነቀስ እዚህ ከተማ የጓዳ ሥራ በነበረበት ጊዜ በንጽሕናና በሥርዓት የሠራች እሷ ናት ይላሉ፣ የሙያው ሰዎች።

እኔ ያወቅኋት ግን በጠብ ነው። እናቴ ግንባሯ ላይ የተነቀሰ መስቀል አላት። ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ የእናቴን ፎቶ አይታ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?» ካለችኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። መስቀሉን አስጠፊው እያልኩ እማዬን ወር ሙሉ ነዘነዝኳት። አንዲት አበሻ ሴት ንቅሳትን በቆዳ ቀለም ትሸፍናለች ሲባል ሰምቼ፣ ቀጠሮ ሳልይዝ እማዬን በትሪክ፣ በመንገድ ላይ ባቡሩ፣ ይዣት ሄድኩ።

ትርንጎ በር ላይ ቆማ እናቴን እንጂ እኔን አላየችም። «እህቴ፣ ማን ላከሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች እማዬ።

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ውጪ ጠብቂ።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ እማዬ ዓይኗ ቀልቶ፣ መስቀሏ እንደነበረ ሆኖ ወጣች። ትርንጎም ተከትላት መጣችና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ምልክቱ የሷ ነው፣ እፍረቱ ያንቺ ነው። እኔ እፍረት አልሸፍንም» አለችኝ።

እንደዚያ ያዋረደኝ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ልሰድባት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ሥራ ላይ ነበረች። «ተቀመጪ፣ ስጨርስ ትሰድቢኛለሽ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ስልኩ ይጮኻል፣ የሚያነሳው የለም፤ በአምስተኛው ጥሪ መታገሥ ሲያቅተኝ አነሳሁት። ማታ ላይ ስወጣ «ነገ በአራት ሰዓት ነይ» አለችኝ።

«እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «አንቺ በይኝ። እዚህ ቤት መርፌ ይዤ ነው ወደ ሰው የምቀርበው። ‹እርስዎ› ብሎ የፈራኝ ሰው ‹ተይ› ሊለኝ አይችልም።»

ነገሯ ሁሉ እዚች ላይ ነበር። የሚመጣውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። በር ላይ «ማን ላከህ?» ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ማንም ባያይልህስ ታሠራዋለህ?» መርፌው ሊነካው ሲል «ልጀምር ወይስ ትሄዳለህ?» ሰውዬው መሐል ላይ እጁን ካነሳ ትታው ትነሳለች። አንድ ግዙፍ ሞተረኛ የደረቱን አንድ ወገን ካስበሳ በኋላ እጁን አነሳ፤ ሌላውን ወገን ሳትነካ ፋሻ አድርጋለት፣ በር ከፍታ ሸኘችው። እንኳን ልታሾፍበት ፈገግ አላለችም።

ለምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ነገረችኝ። ሰባት ዓመቷ ላይ አራት ሴቶች ይዘዋታል፤ አንዷ እግሯ ላይ ተቀምጣ፣ አንዷ ጭንቅላቷን ጨብጣ። አንገቷንና ድዷን ባንድ ቀን ነው የነቀሷት። «ያምርብሻል አሉኝ። አምሮብኛልም። ግን አልጠየቁኝም» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ዛሬ በዚህ ከተማ ብዙ ቤት ገብታችሁ ጆሮ ልታስበሱ ብትቀመጡ፣ ፊቱ በጌጥ የተሞላ ልጅ «ቬም ሴንተ ዳይ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ማን ላከሽ ማለቱ ነው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አንዱን ብጠይቀው «ድሮም የሙያው ደንብ ነው» አለኝ።

ሐና የመጣችው በአምስተኛው ዓመቴ፣ በኅዳር ነው። ሐና ስሟ አይደለም፤ እንዲህ ልበላት። ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ከአገር ቤት ከመጣች አራት ወሯ፣ ኖርዌይኛም እንግሊዝኛም አትችልም። ያመጣት ባሏ አርባ ያለፈው፣ ካፖርቱ ያማረ፣ ሰላምታው ለስላሳ ሰው ነበር። እጁ ላይ ያረጀ የአንበሳ ንቅሳት አለ።

«ስሜን አንገቷ ላይ እንድትጽፊላት ነው። ለእሷ ስጦታ ነው» አለ።

ትርንጎ ልጅቷን «ማን ላከሽ?» አለቻት።

«ራሴ ነኝ» አለች ሐና፣ ባሏን እያየች።

«ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ትቆያለህ። ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው።»

«ባሏ ነኝ እኮ።»

«ሰማሁ። ወንበሩ ግን አንድ ነው።»

ሰውዬው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በመጨረሻ መቀበያው ሶፋ ላይ ተቀመጠ፣ ከሥራ ክፍሉ በር ሁለት እርምጃ ርቆ። ልጅቷ ብቻዋን እንዳትፈራ እኔም አብሬ ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ።

ሐና ተቀመጠች። ትርንጎ አንገቷን አጠበች፣ ንድፉን ለጠፈች። «ማንም ባያይልሽስ ታሠሪዋለሽ?» «አዎ።» አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ይዘላል፣ ከቆምኩበት ይታየኛል። ትርንጎ ማሽኑን አስነሳች፣ አስጠግታ ያዘችው። «ልጀምር ወይስ ትሄጃለሽ?»

«ጀምሪ» አለች ሐና። እንባዋ ግን ወደ ጆሮዋ ይፈስ ነበር።

ትርንጎ ማሽኑን አጠፋችው። «አልሠራውም።»

ያን ጊዜ ሐና እጇን ጨምድዳ ያዘቻት። በሹክሹክታ፣ «በናትሽ ሥሪልኝ። ሳልሠራ ብወጣ የሚያደርገኝን አታውቂም» አለች። የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ ከአሮጌ እስከ አዲስ፣ ቢጫም ጥቁርም የሆነ ሰንበር ነበር።

ከውጪ «ምነው ጸጥ አለ?» አለ ሰውዬው።

እኔ በሩን አየሁ። ትርንጎ ግን ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «እኔ የፈለግሁትን አይደለም። አንቺ ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ሐና እጅጌዋን መልሳ አወረደችው። «ወደዚያ ቤት መመለስ አልፈልግም።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። «ከኋላ ያለው መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ክሪሰሴንተሩ ጋ ደውዪ። ከዚያ ሄኒንግን ጥሪው፣ መኪናውን በጓሮ በር በኩል ያምጣ።» ክሪሰሴንተር የሚሉት ከቤት ለሸሹ ሴቶች መጠለያ ነው። ይህን ብላ ማሽኑን አስነሳችው።

ድምፁ ባዶ አየር ላይ ሲሆን ሹል ነው፤ ቆዳ ሲነካ ይወፍራል። ሰውዬው ንቅሳት አለበት፣ ልዩነቱን ያውቀዋል። እኔ ይህን ሳስብ እሷ ቀድማኝ አስባው ነበር። ግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና መርፌውን ባዶው ክንዷ ላይ አሳረፈችው። ንድፍ የለው፣ ፊደል የለው። መስመር ብቻ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ እንደ ደብተር።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ከፍቼ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ረጋ ብላ ስትጠይቀኝ እኔ ቋንቋው ጠፍቶብኝ ግማሹን በአማርኛ መለስኩላት። ሄኒንግ «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለኝ። ዓመት መሰለኝ።

«ስንት ይቀረዋል?» አለ ሰውዬው በሩን በጣቱ እያንኳኳ።

«አንገት ነው፣ አይቸኮልበትም» አለች ትርንጎ፣ እጇን ሳታቋርጥ። ክንዷ ላይ ቀለምና ደም ተቀላቅሎ እስከ ክርኗ ወርዷል። ሐና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጉልበቷን ታቅፋ ታያታለች።

የሄኒንግ መኪና ጓሮ ሲገባ ሐናን በእጇ ይዤ ወጣሁ። የኋላው በር እንዳይጮኽ ከሥሩ አንስቼ ነው የከፈትኩት። የልጅቷ ካፖርት መቀበያው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ የእኔን አለበስኳት። ሄኒንግ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ይዟት ሄደ። ተመልሼ ስገባ ትርንጎ አሁንም መስመር ትሠራለች። «ትራቅ» ብላ ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ሠራች። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ፣ ፖሊስ እንድጠራ ነግራኝ፣ በሩን ራሷ ከፈተችው።

«ልጅቷ ሄዳለች።»

ሰውዬው መጀመሪያ ወንበሩን አየ፣ ቀጥሎ የሚደማውን ክንዷን። «የት ወሰድሻት?»

«በእግሯ ነው የሄደችው።»

የጌጡን መስታወት ሣጥን በክርኑ መታው፣ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። እጁን አንሥቶ፣ ፊቷ ላይ ትንፋሹ እስኪሰማት ተጠጋ። እኔ ስልኩን ይዤ አድራሻውን ለፖሊስ እናገራለሁ። ትርንጎ ወደ ኋላ አላለችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «እጅህን አውርድ» አለችው።  ቀስ ብሎ አወረደውና ወጣ።

ፖሊስ መጥቶ ቃላችንን ተቀበለ። ሐና ከዚያ በኋላ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ ትምህርት ጀመረች ሲባል ሰማሁ፤ ከዚህ ሌላ አላውቅም፣ ማወቅም አልነበረብኝም።

ለትርንጎ ግን ነገሩ ያኔ ነው የጀመረው። «ትዳር አፈረሰች» ተባለ። «ሰው ሥጋ ላይ የምትጽፍ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅባታል» ያሉም ነበሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አጠገቧ የቆሙ ሴቶች ቦታ ይቀይራሉ። ጥቂት ሳምንት ታገሠችና ከበር ውጪ መቆም ጀመረች፣ በበረዶ ውስጥ፣ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ደርባ። አንድ እሑድ እናቴ ቅዳሴው ሳይጋመስ ጥላኝ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ትርንጎ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።  እማዬ ነጠላዋን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋው ነበር።

ሽማግሌዎችም መጡ፣ ሱቁ ድረስ። ትልቁ ሰውዬ «ልጄ፣ አንድ ይቅርታ ብትይ ነገሩ ይበርዳል» አሏት።

«ልጅቷ ጠይቂ ካለችኝ እጠይቃለሁ፣ አባቴ» አለች። ክፉ ቃል ሳይወጣት በር ድረስ ሸኘቻቸው።

ከእኔ ጋር የተጣላነው በዚያው ሳምንት ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ሰዎች ለእኔም ሰላምታ መንፈግ ጀምረዋል። ዕቃ እያደረቅሁ፣ ለራሴ የመጣልኝ ሐሳብ አስመስዬ፣ «ይቅርታ ብትጠይቂስ ምን ይጎዳሻል? አበሻ ደንበኛም ለጊዜው ባንቀበል» አልኳት።

ጓንቷን አውልቃ አየችኝ። «ማን ላከሽ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ለይቶ አናግሮኝ ነበር። ልክድ አፌን ከፈትኩ፣ አልቻልኩም። ለሦስት ቀን ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገረችኝም። ከዚያ በሦስተኛው ወር ነርስነት ልማር ነው ብዬ ለቀቅሁ። በሩ ላይ እጄን ይዛ «አይዞሽ» አለችኝ እንጂ ቂም አልያዘችም፤ መራቄን የቀጠልኩት እኔው ነኝ። ብሄድ ክንዷ ላይ ያሉትን መስመሮች ማየት ስለምፈራ ይመስለኛል።

መርፌ ያቆመችበትን ቀን የነገረኝ ሄኒንግ ነው። ትርንጎ አንዲት ሴት ጀርባ ላይ ትልቅ ሥራ ይዛ ሳለ እጇ አንድ ጊዜ፣ በጣም በትንሹ ተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ አላወቀችም። ትርንጎ ግን መርፌውን አንስታ፣ «እጄ ከእንግዲህ አይታመንም። ሄኒንግ እንዲጨርስልሽ ትፈቅጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ «ያ» ካለቻት በኋላ ትርንጎ እጇን ታጥባ ወጣች። ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን መሣሪያ ከዚያ ቀን ወዲያ አልነካችውም።

ከመሞቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ነበረችበት ሲከየም፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያው፣ ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ጭኗ ላይ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ልጠይቃት መንገዱን ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አንቺ ፈርተሽ ነው። መፍራት ነውር አይደለም። አሁን እኔ የምነግርሽ አለኝ» አለች።

«ምን?»

«ወጣቶቹ እዚህ ይመጣሉ። ፎቶ ያነሡኛል፣ ሦስቱን ጥያቄ ማን አስተማረሽ ይሉኛል። አክስቴ እላቸዋለሁ። ውሸት ነው።» ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ያ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ፣ ገና ንቅሳት በማሽን እንደጀመርኩ፣ አንድ ሰው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። አበሻ አይደሉም፣ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ስሜን እዚህ ጻፊባት አለኝ፣ አንገቷን እያሳየኝ። እጁን ማጅራቷ ላይ አድርጎ ነበር። ሴትየዋ ቃል አልተናገረችም፣ ወለሉን ነው የምታየው። አየሁ እኮ። እያየሁ ሠራሁት። እጄ ጎበዝ መሆኑን ላሳይ ስለቸኮልኩ ነው። አምሮ ወጣ። እሱ አመሰገነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። ሄዱ። ዓመት ሙሉ በየመንገዱ፣ ትሪክ ውስጥ፣ የሴት አንገት ሳይ እፈልጋት ነበር። አላገኘኋትም። መጠየቅ የጀመርኩት ከሷ በኋላ ነው።»

 «ለምን ለእኔ ነገርሽኝ?» አልኳት።

«ስሞት ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ያወራሉ። ይሄንንም የሚያወራ ሰው ይኑር።»

ሠራተኛዋ የሻይ ጋሪዋን እየገፋች ገብታ ወጣች። እኔ የትርንጎን እጅ በሁለት እጄ ይዤ፣ ይረጋ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። አልረጋም።

«የሴትየዋ ስም ማን ነበር?» አልኳት።

«የሱን አስታውሰዋለሁ፣ እያንዳንዱን ፊደል፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። «የሷን አልጠየቅኋትም።»